ፊደላችን አይደለም ሰንጠረዡን የሚያበላሸው

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር «ቲቸር፣ የስም ዝርዝሩን በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፉት፤ አማርኛ ተርሚናል ላይ ሰንጠረዡን ያበላሻል» አለኝ። ብዙዎቻችሁም እንደዚያ ስለምታስቡ መልሱን እዚሁ ልጻፈው።

የሚያበላሸው ፊደላችን አይደለም። መሣሪያው መቁጠር አይችልም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሊኑክስ ላይ፣ ባሽ ውስጥ፣ ፕሪንትኤፍ የሚባል ትዕዛዝ አለ። «ለስም 12 ቦታ ያዝ፣ ከዚያ ውጤቱን ጻፍ» ትሉታላችሁ። «ኦሞድ»ን በላቲን ብትጽፉት 4 ፊደል ነው፤ 8 ባዶ ቦታ ይጨምርና ውጤቱ ቦታው ላይ ያርፋል። በግዕዝ ፊደል «ኡጁሉ» ብትሉት ግን 3 ፊደል መሆኑን አያይም፤ እሱ የሚቆጥረው ባይት ነው። በዩቲኤፍ-8 አንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ 9 ብሎ ይቆጥርና 3 ባዶ ቦታ ብቻ ይሰጠዋል። «ጋትሉዋክ» ደግሞ 5 ፊደል ሆኖ ሳለ ለእሱ 15 ነው። ከ12 በለጠ ማለት ነው! ባዶ ቦታ የሚባል የለም፤ የሒሳብ ውጤቱ ስሙ ላይ ተለጥፎ ይወጣል።

ወደ ላቲን መሸሽም አያድንም። እዚህ ጋምቤላ ኑዌርኛ የሚጻፈው በላቲን ነው፤ ግን እንግሊዝኛ የማያውቃቸው ፊደሎች አሉት፣ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 2 ባይት። ስሙን በትክክል የጻፈ ልጅ ሰንጠረዡ ይጣመምበታል፤ አሳስቶ የጻፈው ይስተካከልለታል። ይሄ ነው ፍትሕ?

«ፖዚክስ የሚባለው ስታንዳርድ በባይት ይቆጠር ይላል፤ ቢቀየር የቆዩ ፕሮግራሞች ይበላሻሉ» የሚሉ አሉ። ስጋቱ እውነት ነው። ግን ለፕሮግራም የሚላክ ውጤትና ለሰው ዓይን የሚወጣ ውጤት ለምን አንድ ይሆናል? ኤልኤስን እዩት፦ ስክሪን ላይ ፋይሎቹን በአምድ ይደረድራል፣ ወደ ሌላ ፕሮግራም ሲላክ ግን በየመስመሩ አንድ አንድ ያወጣል። ጂኤንዩ አውክም ሲስተሙ በዩቲኤፍ-8 ከተቀናበረ ስፋትን በፊደል ይቆጥራል። ስለዚህ ይቻላል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ሩብ ምዕተ ዓመት አልፏል እኮ! ከዚህ በላይ ስንት ዓመት እንጠብቅ?

ኮምፒውተር ሳይንስ የተመረቃችሁ ልጆቼ፣ ይሄ የናንተ ሥራ ነው። የነዚህ ፕሮግራሞች ኮድ ክፍት ነው፤ ስሕተት ማመልከትም ማስተካከያ መላክም ለማንም ይፈቀዳል። እንግሊዝኛ ብቻ የሚጽፍ ሰው ችግሩ አይታየውም፤ የሚታየን እኛ ነን። «ኡጁሉ»ንና «ጋትሉዋክ»ን ምሳሌ አድርጋችሁ ላኩላቸው። እስከዚያው ዝርዝራችሁን በጂኤንዩ አውክ ወይም ኮለምን በሚባለው ትዕዛዝ አሰልፉ።

የልጆቻችንን ስም ግን ለመሣሪያ ብላችሁ አትቀይሩ። የሞከራችሁ ውጤቱን ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ።