ማኅተም በተለወጠ ቁጥር

ምናለሽ ተራ የዘለቀ ሁሉ ያውቃል፤ ከአሮጌ በርሜል የከሰል ምድጃ፣ ከተጣለ ጎማ በረባሶ ይወጣል። ለእነዚያ እጆች ሙያውን ያስተማራቸው ማን ነው? ከጎናቸው የተቀመጠው አንጋፋ ባለሙያ እንጂ መንግሥት አይደለም!

መንግሥታችንማ በስያሜ ተጠምዷል። በ1990 ዓ.ም. የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ስትራቴጂ ወጣ፤ በ2003 ተከለሰ። ኤጀንሲው ቆይቶ የከተሞች የሥራ ዕድል ፈጠራና የምግብ ዋስትና ኤጀንሲ ተባለ። በ2011 የሥራ ፈጠራ ኮሚሽን መጣ፤ እግሩ ሳይጠና በ2014 የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ተተካበት። ፌዴራሉ ስሙን በለወጠ ቁጥር ክልሉና የከተማው አስተዳደር ቢሮውን፣ ወረዳው ማኅተሙን ይለውጣል። (የማኅተም ቀራጮች ሥራ እንደተፈጠረላቸው አንክድም።)

እውነቱ ይነገር፤ በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች የተጀመረው የከተማ ሴፍቲኔት ለብዙ ድኃ እናቶች ደርሷል። ጎህ ሳይቀድ አስፋልት ጠርገው ከክፍያቸው ቆጥበዋል። ነገር ግን ሦስት ዓመት ሲሞላ «ተመረቃችሁ» ይባላል። ወዴት? ቦታ ኪራዩ በሚያስፈራ መርካቶ ውስጥ፣ በዚያች ቁጠባ፣ ጉልት ለመቀመጥ!

ሹማምንቱ በየዓመቱ «ይህን ያህል የሥራ ዕድል ፈጠርን» ይሉናል። የሚቆጥሩት የተደራጀውን ነው፤ ከዓመት በኋላ ሼዱን ዘግቶ የሄደው ከየትኛው ሪፖርት ይቀነሳል?

ክህሎት ካሉ፣ ምዘናውን ምናለሽ ተራ ድረስ ያምጡት። አንጋፋው በገዛ መዶሻው ይመዘን፤ ምስክር ወረቀቱን ይያዝ፤ ለሚያሠለጥነው ለእያንዳንዱ ልጅም ከሥልጠና በጀቱ ይከፈለው። ለዚህ አዲስ ስም የሚያስፈልገው መሥሪያ ቤት የለም።