ታይተው ያልተሰሙ፦ የማቆያ ተቋማት ሰዎች በቆዩ ኅትመቶች

ስለ አካል ጉዳትና ስለ አእምሮ ሕመም ታሪክ የሚጽፍ ተመራማሪ የቆዩ ጋዜጦችንና መጽሔቶችን ምስሎች በማስረጃነት ማቅረቡ የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ምስሉ ምን እንዳሳየ ብቻ ተጠይቆ ማንን ዝም እንዳሰኘ ሳይጠየቅ ሲቀር፣ ጥናቱ ራሱ የቀድሞውን በደል ይደግማል የሚል እምነት አለኝ። ሁለት የአሜሪካ ኅትመቶችን ማነጻጸር ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል።

እ.ኤ.አ. በ1887 ጋዜጠኛዋ ኔሊ ብላይ አእምሮዋ የታወከ መስላ በኒው ዮርክ ብላክዌልስ ደሴት ወደነበረው የሴቶች ማቆያ ገባች። ከ10 ቀን ቆይታ በኋላ በ«ኒው ዮርክ ወርልድ» ጋዜጣ ያወጣችው ጽሑፍ ስለ ቀዝቃዛው የገላ መታጠቢያ ውኃ፣ ስለ ተበላሸው ምግብና ስለ አስታማሚዎቹ ጭካኔ ይተርካል። ጽሑፉ የአንባቢን ስሜት ለመቀስቀስ የተሰናዳ መሆኑ አይካድም። ቢሆንም ብላይ ሴቶቹን አነጋግራለች፤ የነገሯትንም መዝግባለች። እንግሊዝኛ የማትናገር ጀርመናዊት ያለ አስተርጓሚ ወደ ማቆያው መላኳን የምናውቀው በዚህ ምክንያት ነው። እንዲህ ያለው ምስክርነት ከምግቡና ከንጽሕናው አልፎ «ይህች ሴት መጀመሪያውኑ ለምን ገባች?» ያሰኛል።

«ላይፍ» መጽሔት በግንቦት ወር 1946 ያወጣው የአልበርት ማይዝል ዘገባ ደግሞ ኃይሉን ከፎቶግራፍ ያገኛል። በጦርነቱ ጊዜ ኅሊናቸው መሣሪያ ከማንሣት የከለከላቸው ወጣቶች በየአእምሮ ሆስፒታሉ ተመድበው ያዩትን መስክረዋል። ከእነርሱ አንዱ የሆነው ቻርልስ ሎርድ በፊላዴልፊያው ባይቤሪ ሆስፒታል ያነሣቸው ምስሎች፣ በባዶ ክፍል ውስጥ ዕርቃናቸውን የተኮለኮሉ ወንዶችን ያሳያሉ። የምስሎቹ ድፍረትና እውነተኛነት አያከራክርም። ነገር ግን በምስሎቹ ውስጥ ያሉት ሰዎች ስምም ቃልም የላቸውም።

ቃል የሌለው ሰው የሚያስገኘው ርኅራኄን ነው። ርኅራኄም የጠየቀው የተሻለ በጀት፣ ተጨማሪ ሠራተኛና የተሻለ ሕንፃ ነበር። በአሜሪካ የሕዝብ የአእምሮ ሆስፒታሎች የሚኖሩ ሰዎች ቁጥር ከዚያም በኋላ እየጨመረ ሄዶ በ1955 ወደ 559 ሺህ ደረሰ። ለዚህ መጽሔቱን ተጠያቂ ማድረግ አይቻልም። ሆኖም ዘገባው የተቋሙን ጉድለት እንጂ የተቋሙን አስፈላጊነት ለጥያቄ አለማቅረቡ ልብ ሊባል ይገባል።

ምስሎቹ ባይወጡ ሕዝቡ ባልነቃ ነበር የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል፤ ትክክል ነው። ነገር ግን የእኛ ተግባር ከዘመኑ ጋዜጠኛ ተግባር ይለያል። እርሱ የተደበቀውን ለመግለጥ ሲል የሰዎቹን ዕርቃን አሳየ፤ እኛ የተገለጠውን ያለ ፈቃዳቸው ዳግመኛ የምናሳየው ለምንድን ነው? ለመመረቂያ ጽሑፋችን ጌጥ ከሆነ በቂ ምክንያት የለንም።

ስለዚህ ክርክሩ የግድ ካልጠየቀ በቀር እንዲህ ያለውን ምስል በቃላት መግለጽ ይበቃል። ምስሉ ከገባም የባለቤቶቹ ቃል አብሮት ይቁም። ክሊፎርድ ቢርስ በታካሚነት ያየውን በ1908 በመጽሐፍ አሳትሟል፤ ምንጭ የለም የሚለው ምክንያት ሁልጊዜ አያስኬድም። የታሪክ ጸሐፊ ማስረጃውን ሲመርጥ፣ ማን ተመልካች ማን ተናጋሪ እንደሚሆን መምረጡ እንደሆነ ሊዘነጋ አይገባም።