የአንድ ጀሪካን ዘይት ዋጋ ስንት ነፍስ ነው?

“ሌባ ነው፤ ይበለው!”

በመቀሌ ሻይ ቤቶች ተቀምጦ ይህችን አባባል ያልሰማ ካለ እጁን ያውጣ። ሱቁ የተሰበረበትም፣ ስልኩን የተነጠቀውም፣ ምንም ያልጠፋበትም እኩል ይላታል። አንዱ “እኔ ብሆን ግንባሩን ነበር የምለው” ይላል። ሌላው ማኪያቶውን እያማሰለ “ታዲያስ!” ብሎ ያጸድቃል። ፍርዱ በሁለት ደቂቃ ያልቃል። ከሳሽ የለ፣ ጠበቃ የለ፣ ይግባኝ የለ። እንዲህ ያለ ፈጣን ችሎት ጠቅላይ ፍርድ ቤትም የለውም!

ይህ ጸሐፊ ሌባ አይወድም። ሌባ የሚወድ ሰው ቢኖር ድርሻ ያለው ብቻ ነው። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ለመሆኑ ለንብረት ሲባል ሰው መግደል ይፈቀዳል ወይ? ከተፈቀደስ የተፈቀደው ለማን ነው? የመጀመሪያውን ሕጉ ይመልሰዋል። ሁለተኛውን ግን ባለሥልጣኖቻችን ሲያፍሩም አላየን።

እስቲ ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። ኅዳር 19 ቀን 2013 ዓ.ም. የፌዴራሉ ጦር መቀሌ ሲገባ የከተማው ፖሊስ በአንድ ጀምበር ጠፋ። ስልክ ተቋርጧል፣ ባንክ ተዘግቷል፣ መብራት የለም። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ወንበራቸው ሳይቀር ተጫነ፤ ሱቆች ተሰበሩ። ዘራፊው ባለ ዩኒፎርምም ነበር፣ የሰፈር ልጅም ነበር። የየሰፈሩ ወጣት መንገዱን በድንጋይ ዘግቶ፣ ዱላና ፊሽካ ይዞ ተራ ገብቶ አደረ። እነዚያን ወጣቶች ወንጀለኛ የሚል ካለ ከእኔ ጋር አይስማማም። ያን ጊዜ በከተማዋ ውስጥ መንግሥት የሚባል ነገር ቢኖር እነሱ ነበሩ።

ያኔ የሆነ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ነው፣ አዲ ሓቂ አካባቢ። ሌሊት ፊሽካ ተነፋ፤ ወጣን። አሥራ ስድስት ዓመት ቢሞላው ነው፣ አንድ ልጅ አምስት ሊትር የምግብ ዘይት የያዘች ቢጫ ጀሪካን ታቅፎ አጥር ሲዘል ተያዘ። ጥፊውም እርግጫውም ዘነበበት። ከመሃል አንዱ ጎረምሳ፣ ደህና ሰው የምንለው ልጅ፣ ሽጉጥ አወጣ። የዘይቱ ባለቤት አሮጊት ነጠላቸውን ሳያጣፉ ሮጠው መጡና ልጁ ላይ ተደፉበት። “የኔ ዘይት ነው! የኔ! ማን ስለ እኔ ዘይት ግደልልኝ አለህ?” ይላሉ።

ባለ ሽጉጡ ግን የዋዛ አልነበረም። “አደይ፣ እሺ አልገድለውም። የት ልውሰደው? ፖሊስ አለ? ዳኛ አለ? ዛሬ ብንለቀው ነገ የእርስዎን በር ሰብሮ ነው የሚገባው” አላቸው። ዝም ተባለ። ያን ሌሊት ለዚህ ጥያቄ መልስ የነበረው ሰው አልነበረም። ልጁን አሥረን አሳደርነው፤ ሲነጋ አደይ ሻይ በዳቦ ሰጥተው ሸኙት። ሽጉጡ ያልተተኮሰው ሕግ ስለነበረ አይደለም። አንዲት አሮጊት በሰዓቱ ስለደረሱ ነው። ያልደረሱበት ሰፈር ምን እንደተደረገ እግዜር ይወቀው።

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ። “ቤቴ ከገባ መግደል መብቴ ነው” የሚል ብዙ ሰው አለ። ተሳስቷል። “ለንብረቴ ብዬ እጄን ካነሳሁ እታሠራለሁ” የሚልም አለ፤ እሱም ተሳስቷል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 አንድን መብት ከሕገወጥ ጥቃት ለመከላከል የተደረገ ድርጊት አያስቀጣም ይላል። መብት ሲል ንብረትም ይገባበታል። ነገር ግን ጥቃቱ የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ፣ በሌላ መንገድም ሊገታ የማይችል መሆን አለበት። መከላከያው ደግሞ ከአደጋው ክብደትና ከሚጠበቀው መብት ጋር መመጣጠን አለበት። የሻይ ቤቱ ችሎት የሚወድቀው እዚህች ላይ ነው። በአንዱ የሚዛን ሳህን አምስት ሊትር ዘይት፣ በሌላው ነፍስ! የትኛው ዳኛ ነው ይህን አመዛዝኖ “እኩል ነው” የሚለው?

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1148 ለባለ ንብረቱ ከዚህም በላይ ያዝንለታል። ዕቃህ ሲወሰድብህ እዚያው በዚያው፣ ሌባው ይዞ ሲሮጥም እንኳ፣ በጉልበት ማስመለስ ትችላለህ ይልሃል። ሩጥ፣ ያዝ፣ ቀማ! ብቻ ሁኔታው ከሚጠይቀው በላይ ኃይል አትጠቀም። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ እጅ ከፍንጅ የተገኘን ሌባ ማንኛውም ሰው ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መያዝ ይችላል፤ ከዚያ ሳይዘገይ ለፖሊስ ማስረከብ ነው። ለየትኛው ፖሊስ? የባለ ሽጉጡ ጥያቄ ይኸው ነበር።

እስቲ ደግሞ ሕጉ ራሱ ሌባን ምን እንደሚያደርገው እንይ። ተራ ስርቆት በአንቀጽ 665 ቢበዛ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ነው። ከባድ ስርቆት፣ አንቀጽ 669፣ ቢበዛ አሥራ አምስት ዓመት። ሞት የሚል ቃል እዚያ ውስጥ የለም። መንግሥት ከነዳኛው፣ ከነዐቃቤ ሕጉ፣ ከነምስክሩ ሊገድለው የማይፈቀድለትን ሰው ባለ ሱቁ በአንዲት ጥይት ይጨርሰዋል ማለት ነው። ጩቤ አንገት ላይ አድርጎ “አምጣ” የሚለው ዘራፊ ግን ሌላ ነው። እሱ የመጣው በነፍስ ነው፤ በነፍስ የመጣን መመከት የነፍስ ጉዳይ እንጂ የንብረት ጉዳይ አይደለም። ሰዎች ሁለቱን እያደባለቁ ነው “ይበለው” የሚሉት።

“ኦሪትስ?” የሚሉኝ አይጠፉም። ደህና ጥያቄ ነው። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 22 ሌባ ቤት ሲሰረስር ተመትቶ ቢሞት በመቺው ላይ ደም የለበትም፤ ፀሐይ ከወጣ በኋላ ከሆነ ግን ደም አለበት። ልብ በሉ! ዕቃው ያው ዕቃ፣ ሌባውም ያው ሌባ ነው። የተለወጠው ብርሃኑ ነው። በጨለማ የመጣው ሰው ዘይት ይፈልግ፣ ልጅህን ይፈልግ አታውቅም። ሲነጋ ታውቃለህ። ሙሴም ሆነ የዛሬው ሕግ የሚመዝኑት ፍርሃቱን ነው። አንቀጽ 79 ከመጠን ያለፈ መከላከል ላደረገ ሰው ቅጣቱ ይቅለልለት ይላል፤ ያለፈው ጥቃቱ ባመጣበት ድንጋጤና ፍርሃት ከሆነም ፍርድ ቤቱ ጨርሶ ላይቀጣው ይችላል። እንዲህ መጠን አልፎ የገደለ በአንቀጽ 541 ቢበዛ አምስት ዓመት ቀላል እስራት ነው። ያለዚያ ተራ ግድያ ይሆንና አንቀጽ 540 ከአምስት እስከ ሃያ ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። ስለዚህ ልጆቹ በተኙበት ክፍል ላይ ሌሊት ቆርቆሮ ሲነሳበት የተኮሰ አባትና ቴሌቪዥን ታቅፎ የሚሮጥን ልጅ ከጀርባው የመታ ነጋዴ በምንም መንገድ አንድ አይደሉም። ጀርባ አይገድልም!

ይህ የእኛ ብቻ ጭቅጭቅ እንዳይመስላችሁ። በ1974 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ አሜሪካ፣ ሜምፊስ ከተማ ውስጥ አንድ ፖሊስ ቤት ሰብሮ አጥር ሊዘል የነበረን የ15 ዓመት ልጅ ተኩሶ ገደለው። ልጁ ላይ የተገኘው አሥር ዶላርና አንድ የሴት ቦርሳ ነው። ጉዳዩ አሥር ዓመት ተንከባሎ በ1985 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና ለሰው አደጋ የማያስከትልን ሸሺ ተኩሶ መግደል ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ተባለ። ቴክሳስ ደግሞ ሌሊት የሚሰርቅን መግደል፣ ቅድመ ሁኔታ ቢኖረውም፣ እስከ ዛሬ በሕግ ትፈቅዳለች። የሻይ ቤቱ ዳኞች ሆይ፣ አገራችሁ ቴክሳስ ነው፤ ቪዛ ጠይቁ!

እስካሁን ያልኩት ለተራው ሰው ነው። አሁን ደግሞ “ለማን ነው የተፈቀደው” ወዳልነው እንሂድ።

በመስከረም 2009 ዓ.ም. ከእሬቻው እልቂት በኋላ በኦሮሚያ እርሻዎችና ፋብሪካዎች ተቃጠሉ። የኢሕአዴግ መንግሥት፣ ያኔ ሕወሓት አውራው የነበረበት፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ። በጥቅምት የወጣው መመሪያ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያልተፈቀደለት ሰው ወደ እርሻ፣ ወደ ፋብሪካና ወደ መሰል ተቋማት እንዳይጠጋ ከለከለ። ከተላለፈስ? የጸጥታ ኃይሉ እርምጃ ይወስዳል። እርምጃ ማለት በአማርኛ የእግር ነገር ነበር፤ ባለጊዜዎች አፍ ሲገባ የጥይት ነገር ሆነ። አንቀጽ 78 የሚጠይቀው የመመጣጠን ሚዛን የት ገባ? የአበባ እርሻ አጥር የተጠጋ ገበሬ ምን ይዞ እንደመጣ ማን ጠየቀው? ተራው ዜጋ ሲተኩስ “ተመጣጣኝ ነው ወይ?” ይባላል፤ መንግሥት ሲተኩስ “አስፈላጊው እርምጃ ተወሰደ” ተብሎ በዜና ይነበባል። በ1990 ሃቫና ላይ የጸደቁት የተባበሩት መንግሥታት መርሆዎች ሕግ አስከባሪ ሆን ብሎ የሚገድለው ሕይወትን ለማዳን ሌላ መንገድ ሲጠፋ ብቻ ነው ይላሉ። ፋብሪካ ሕይወት አይደለም። ሲቃጠል ያንገበግባል፤ ግን መልሶ ይሠራል።

አራት ዓመት አለፈና ዕጣው ዞረ። በጦርነቱ ማግስት ድንበር የለሽ ሐኪሞች ከታኅሣሥ እስከ የካቲት 2013 ዓ.ም. ትግራይ ውስጥ 106 የጤና ተቋማትን ጎብኝቶ 70 በመቶ ያህሉ ተዘርፈው አገኛቸው። እንደ ወትሮው የሚሠሩት 13 በመቶ ብቻ ነበሩ። የዓድዋው አልሜዳ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ወደመ። ይህ ሁሉ በጀሪካን የተወሰደ አይደለም፤ በከባድ መኪና ነው። ነሐሴ ላይ ደግሞ ተራው የሌላው ሆነና የትግራይ ተዋጊዎች በጋይንት ነፋስ መውጫ ክሊኒክና ሱቅ ማራገፋቸውን አምነስቲ ኢንተርናሽናል መዘገበ። በየትኛውም ወገን ባለ ከባድ መኪናው ሲያልፍ መንገድ ይለቀቅለታል፣ ባለ ጀሪካኑ ሲያዝ ድንጋይ ይለቀምለታል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይህ ነው!

በመካከል ደግሞ ማንም የማያነሳው አንድ ሰው አለ። ዘበኛው። በደመወዙ ጤፍ የማይገዛ ሽማግሌ አሮጌ ጠመንጃ ይሰጠውና “ዕቃ ከጠፋ ከደመወዝህ ነው የሚቆረጠው” ይባላል። የአንድ ቴሌቪዥን ዋጋ የዓመት ደመወዙ ነው። ሌሊት ጥላ ሲያይ ምን ያድርግ? ቢተኩስ ይታሠራል፤ ባይተኩስ ልጆቹ ይራባሉ። ቃታውን የሳበው እሱ ነው፤ ጣቱን እዚያ ያስቀመጠው ግን አልጋው ላይ ተኝቷል። ሲከሰስ ያየነው ዘበኛውን ነው። አሠሪው ለምስክርነት እንኳ አይጠራም።

ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ተፈረመ፤ ፖሊሱም ወደ መቀሌ ጎዳናዎች ተመለሰ። መሣሪያው ግን ሁሉም ወደ መጋዘን አልተመለሰም። በኅዳር 2017 በመጀመሪያው ዙር 75 ሺህ የትግራይ ተዋጊዎችን ወደ ሲቪል ሕይወት ለመመለስ ታቅዶ ሥራው ተጀመረ። ወጣቱ ሥራ ካላገኘ ከፊሉ አጥር ዘላይ፣ ከፊሉ አጥር ጠባቂ ይሆናል። ሁለቱም አንድ ምሽግ ያደሩ፣ መተኮስ የሚያውቁ ልጆች ናቸው። በአጥሩ ግራና ቀኝ ያቆማቸው ማነው?

ስለዚህ የመቀሌም የአራት ኪሎም ሹማምንት “ሕዝቡ ራሱን ይጠብቅ” ማለታቸውን ይተዉ። ሕዝቡ ራሱን ሲጠብቅ ምን እንደሚመስል በነሐሴ 2010 ሻሸመኔ ላይ አይተናል፤ “ቦምብ ይዟል” ተብሎ በወሬ የተጠረጠረ ሰው በአደባባይ ቁልቁል ተሰቀለ። ሌባ ተብሎ የተገደለ ሰው ሲኖር ፋይሉ “ሌባ ነበር” ተብሎ አይዘጋ። ዐቃቤ ሕግ ይክሰስ፣ ዳኛው ፍርሃቱንም ዘይቱንም ይመዝን፣ ነጻ የሚወጣው ነጻ ይውጣ። ዘበኛ የሚቀጥር ሁሉ አንቀጽ 78ን ያስተምር፤ በጠፋ ዕቃ ደመወዝ መቁረጡንም ያቁም። “እርምጃ ተወሰደ” የሚል መግለጫ ሲወጣም ስንት ሰው እንደሞተና ምን ይዞ እንደነበረ አብሮ ይነገረን።

የሌሊት ጠባቂ ፖሊስ ነገርስ? በየቀበሌው ስንት ሰው፣ በስንት መኪና፣ በየትኛው ስልክ? ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ቆርቆሮው ሲንኳኳበት ሰውየው ከሽጉጡ በፊት የሚያነሳው ስልክ የማን ነው? ሲደውልስ የሚያነሳ አለ?