ለመሬቱ ማዳበሪያ፣ ለእግሩስ ምን?

እነሆ ክረምት ገባ! ሬዲዮኑም እንደ ልማዱ ምክሩን ጀመረ። «ውኃ አፍልታችሁ ጠጡ፣ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ አጎበር ዘርጉ…» መልካም ነው፤ ማን ይጠላል? እኔ ግን የደብረ ማርቆስ ልጅ፣ የመንቆረር ሰው ነኝና ይህን በሰማሁ ቁጥር ዓይኔ የሚሄደው ወደ እጅ ሳይሆን ወደ እግር ነው። ስለ እግር የሚናገር ጠፋ!

ውድ አንባቢ ሆይ፣ ሐምሌ ላይ ከከተማው ወጣ ብለህ በደብረ ኤልያስ በኩል ወይም በደምበጫ መንገድ እስቲ ሂድ። ገበሬው እርፉን ይዞ ቀዩ ቦዳ አፈር ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ገብቷል። ባዶ እግሩን! ጫማ ቢኖረው እንኳ ኮንጎ ነው። ኮንጎ ደግሞ ጭቃ ከያዘው እግር አላስነሣ ስለሚል አውልቆ ድንበሩ ላይ ያስቀምጠዋል። ሚስቱም ጓሮ ለጓሮ፣ ምንጭ ለምንጭ የምትመላለሰው እንደዚያው ናት።

በሽታው ያለው እዚያ ጭቃ ውስጥ ነው። እኛ ዝሆኔ እንለዋለን፤ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአገራችን እየተዘዋወረ ያጠናው ነገር ነው። ትንኝ የምታመጣው ዝሆኔ አለ፤ ይኼኛው ግን ትንኝም ተሕዋስም የለበትም። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረው የደጋ ቀይ አፈር በዓይን የማይታዩ ደቃቅ ቅንጣቶች አሉት። ለዓመታት በባዶ እግር ቆዳ እየገቡ የሰውነትን ፈሳሽ የሚመልሱትን ቧንቧዎች ያቆስላሉ፣ ይደፍናሉ። እግር ያብጣል፣ ቆዳው ይወፍራል፣ ይሰነጠቃል። ከዚያ ደግሞ በየጊዜው ይቆጣል፤ ሰውዬው በትኩሳት ይንቀጠቀጣል፣ ብሽሽቱ ያብጣል፣ ቀናት ይተኛል። በሥራ ወቅት ለቀናት የተኛ ገበሬ መስከረም ላይ ምን እንደሚቆጥር አስቡት።

ይህ የአንድ ሰፈር ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ወረዳዎች ከመቶ ሰው ሦስት ያህሉ ላይ በሽታውን አግኝቷል። በአገር ደረጃ ሕሙማኑ ወደ 1.5 ሚሊዮን ይገመታሉ። አንድ ሚሊዮን ተኩል ሰው! በሌላ አገር ቢሆን መንግሥት ያስወድቅ ነበር።

እኛስ ምን እናደርጋለን? እናማለን። «እባብ ያለፈበትን ረግጦ ነው»፣ «ተደግሞበት ነው»፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ «ዘራቸው ነው»። አክስቴ እግሯ ካበጠ ጀምሮ ቅዳሴ የምታስቀድሰው ከሰው ኋላ፣ ከግንቡ ሥር ቆማ ነው። ለልጇ የመጡ ሽማግሌዎች ዓይናቸው እናቲቱ እግር ላይ ሲያርፍ ቡናውን እንኳ ሳይጨርሱ ተነሡ። አንድ ጤና ጣቢያ ወስጃት ነበር። ባለሙያው ከወንበሩ ሳይነሣ «ይሄ የዘር ነው እናቴ፤ መድኃኒት የለውም» ብሎ ሸኘን። ወረቀት እንኳ አልጻፈም!

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ የዘር ነገር ጨርሶ የለበትም አልልም። እነ ፋሲል ተኮላ እ.ኤ.አ. በ2012 በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ አንዳንዱ ሰው በተፈጥሮው ለዚህ አፈር ይበልጥ የተጋለጠ መሆኑን አሳይተዋል። ሆኖም አፈሩን በባዶ እግሩ ያልረገጠ ሰው፣ የፈለገውን ዘር ቢይዝ፣ አይታመምም። ልጅቱ ከልጅነቷ ጫማ ካደረገች በምን ተአምር ነው የምትታመመው? ሽማግሌዎቹ የሸሹት ጫማ ማጣትን እንጂ ደምን አልነበረም።

መድኃኒት የለውም የተባለውም ቅጥፈት ነው። በየቀኑ እግርን በውኃና በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ ያበጠውን በፋሻ ማሰር፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ። በቃ! ይህ ሕክምና በዚሁ በእኛ በምሥራቅ ጎጃም ወደ ሰባት መቶ በሚጠጉ ሕሙማን ተፈትኖ የእግሩን መቆጣት እንደሚቀንስ ታይቷል፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2018 ላንሴት ግሎባል ሄልዝ ላይ ወጥቷል። የጎጃም ገበሬ እግር በለንደን መጽሔት ሲነበብ፣ እዚህ ያለው ባለሙያ ግን «የዘር ነው» ይላል። ሰሜን አፍሪካ ውስጥም በሽታው ነበረ አሉ፤ ሕዝቡ ጫማ ሲያደርግ ያለ ክትባት፣ ያለ መርፌ ጠፋ።

ታዲያ ለምን ዝም ተባለ? ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2005 ዓ.ም. ትኩረት ላጡ ስምንት በሽታዎች ዕቅድ ሲያወጣ ይህንንም አስገብቶታል። በወረቀት ላይ ማለቴ ነው። ለትራኮማ ፋይዘር የተባለው ኩባንያ መድኃኒቱን በነፃ ይሰጣል፤ ዘመቻም ይታወጃል። ለእኛ በሽታ ግን ክኒን የለውም። ሳሙና፣ ውኃና ጫማ ነው የሚፈልገው፤ ሳሙና ደግሞ ሪባን አያስቆርጥም!

ሪባን ካነሣን፣ ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተባለ። ከዚያ ወዲህም ክረምት በመጣ ቁጥር ባለሥልጣናቱ ቦት ጫማ ተጫምተው በቴሌቪዥን ጭቃ ሲረግጡ እናያለን። ያን ቦት ለግማሽ ቀን ነው የሚፈልጉት፤ ገበሬው ግን ሦስት ወር ሙሉ እዚያው ጭቃ ውስጥ ነው። ጎበዝ፣ ይህ ለእናንተ አይከብድም? ማዳበሪያ ሲዘገይ፣ በ2015 ዓ.ም. እንዳየነው፣ ገበሬው ባሕር ዳር ድረስ ሄዶ ጮኸ። ለእግሩ የጮኸለት ግን የለም፤ እሱም ራሱ አይጮህም፤ እግሩን መደበቅ ለምዷልና። ማዳበሪያውን እስከ ቀበሌ የሚያወርደው ማኅበርና መኪና አንድ ጥንድ ቦትና አንድ ደርዘን ሳሙና አብሮ ቢያወርድ ምን ያጎድልበታል? በዚያው በ2015 ክረምት የተጀመረው ጦርነት መንገዱን ዘጋ፣ ባለሙያውን አሸሸ ትሉኝ ይሆናል። እሺ፤ ከጦርነቱ በፊት በነበሩት አሥር ዓመታትስ ማን ከለከላችሁ?

አክስቴን በመጨረሻ አንድ ጫማ ሰፊ ዘንድ ወሰድኳት። ሰውዬው ጨዋ ነው፤ አልተጸየፋትም። ተንበርክኮ በገመድ ለካት፤ ሁለቱ እግሮቿ አንድ ዓይነት ስላልሆኑ ገመዱን ሁለት ቦታ ቋጠረው። ጫማው ሲደርስ አጥልቃ ጥቂት ተራመደችና ተቀመጠች። «ልጄ» አለችኝ፣ «ይሄን በኮረዳነቴ ባገኘው ኖሮ የሱቁ ቁጥር ይበቃኝ ነበር።»