ለምን ተሳፈረች?

መስከረም 2007 ዓ.ም.፣ ኮልፌ ቀራንዮ፣ አየር ጤና። አንዲት የ16 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ወደ ቤቷ ልትሄድ ሚኒባስ ተሳፈረች። ውስጥ የነበሩት ጠልፈው ደፈሯት፤ ከወር በኋላ ሕይወቷ አለፈ።

እንዲህ ያለ ነገር በተሰማ ቁጥር ቡና ላይ የሚቀድመው ጥያቄ «ምን ለብሳ ነበር? ለምንስ ብቻዋን ሄደች?» ነው። ጠያቂዎቹ ወንዶች ብቻ አይደሉም፤ እናቶችም አሉበት። ጠላፊውን ግን «ሰይጣን አሳስቶት» ይሉና እንዲያገባት ሽማግሌ ይልኩለታል።

የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከክስ ያድነው ነበር። ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 587 ግን ጋብቻው ከተጠያቂነት እንደማያስጥለው ደንግጓል። ሕጉ የጣለውን ሰበብ ሽምግልናው ዛሬም ጉያው ውስጥ ይዞታል። ፖሊስና ዓቃቤ ሕግ እንዲህ ያለውን እርቅ የክስ ማቋረጫ አድርገው ሊቀበሉ አይገባም።