የአርበኛው መብት በሕግ ወይስ በችሮታ?

በደብረ ማርቆስና በቢቸና አካባቢ የተካሄደው ተጋድሎ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ በ1933 ዓ.ም. ድል ይቋጫል። ለሕግ ተመራማሪ ግን ዋናው ጥያቄ የሚነሣው ከድሉ በኋላ ነው፦ አገር ለተዋጋላት ሰው ያለባት ግዴታ በምን ይጸናል?

የሁለት አርበኞች ሕይወት ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ማሳያ ነው። በላይ ዘለቀ በምሥራቅ ጎጃም ጠላትን ተዋግተው ከነጻነት በኋላ የደጃዝማችነት ማዕርግና የቢቸና ግዛት ተሰጣቸው፤ ብዙም ሳይቆይ ከመንግሥት ጋር ተጋጭተው በ1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በስቅላት ተቀጡ። ሌላው አርበኛ ብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያት በ1950ዎቹ አፈ ንጉሥ ሆነው ከፍተኛውን የዳኝነት ወንበር ይዘው ነበር። ሆኖም ከሹመቱ በፊትም በኋላም ታስረዋል፤ በ1962 ዓ.ም. ሊይዟቸው ከመጡ ፖሊሶች ጋር ተታኩሰው ሞቱ።

ሁለቱም ዙፋኑን በመቃወማቸው የደረሰባቸው የፖለቲካ ጉዳይ እንጂ የአርበኝነት መብት ጉዳይ አይደለም የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል። ክርክሩ መሠረት አለው። ነገር ግን ማዕርጉም፣ ግዛቱም፣ የዳኝነቱ ወንበርም በንጉሡ ፈቃድ የተሰጡና በዚያው ፈቃድ የሚነሡ እንደ ነበሩ አይካድም። ችሮታን በፍርድ ቤት መጠየቅ አይቻልም።

የመሬት ስጦታውም ከዚህ አልራቀም። ለአርበኞችና ለስደተኞች አንድ ጋሻ መሬት እንዲሰጥ ታዘዘ። የርስት ሥርዓት በጸናበት ጎጃም ግን ለዚህ የሚውል የመንግሥት መሬት ጥቂት ነበር፤ ስጦታው በአመዛኙ ያረፈው በደቡቡ የአገሪቱ ክፍል ነው። በዚያም የአንዱ ውለታ ለሌላው ጭሰኝነት ሆነ።

የዛሬው የጡረታ ሕግ መብትን በደመወዝና በተመዘገበ የአገልግሎት ዘመን ይለካል። ይህ ከችሮታ የተሻለ ነው፤ ሆኖም አርበኛው ስንቁን ከቤቱ ይዞ፣ ያለ ደመወዝና ያለ መዝገብ የዘመተ ሰው ነበር። ስለዚህ የዘማች መብት ራሱን የቻለ የሕግ ትርጉም ያስፈልገዋል፦ መዝገብ ለሌለው የምስክር ቃል በማስረጃነት የሚቀበል፣ ለተከለከለውም የይግባኝ በር የሚከፍት። ተመራማሪዎችም በጎጃም የቀሩትን የፍርድ መዛግብትና የአርበኛ ቤተሰቦችን ቃል ሳይጠፉ ቢሰበስቡ ለሕግ አውጪው መነሻ ይሆናሉ። የዘማች ክብር በበዓል ቀን ከሚነገር ውዳሴ ይልቅ በዳኛ ፊት ሊጠየቅ በሚችል መብት ይጸናል።