ማስቆሚያ ስጠኝ!

ባለፈው ሰሞን ራሴን አሞኝ ኪኒን ልገዛ አንድ መድኃኒት ቤት ገባሁ። ከፊቴ አንድ ደህና የለበሰ፣ አነጋገሩም የተማረ የሚመስል ሰው ቆሟል። የመኪናውን ቁልፍ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠና «ወንድሜ፣ የተቅማጥ ማስቆሚያ ስጠኝ» አለ። ነጭ ጋወን የለበሰው ልጅ ከመደርደሪያው ላይ አንድ እሽግ አወረደለት። ሰውዬው ሒሳቡን ከፍሎ ሊወጣ ሲል አንድ ነገር ትዝ አለው። «ለልጅ እኮ ነው፤ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ካፕሱሉን ከፍቼ ግማሹን ልስጠው?» ሻጩ መልስ እየቆጠረ «ግማሽ ይበቃዋል» አለው።

አለቀ። ሕመምተኛው በሌለበት ተመረመረ፣ መድኃኒት ታዘዘለት፣ መጠኑም ተወሰነለት። ትኩሳት አለው ወይ ያለ የለም። ደም ቀላቅሎበታል ወይ ያለ የለም። ከሸና ስንት ሰዓት ሆነው ያለም የለም። እኔ ደግሞ ነገሩ ልክ እንዳልሆነ እያወቅሁ «ምን አገባኝ» ብዬ ኪኒኔን ይዤ ወጣሁ። ያ «ምን አገባኝ» ነው እንቅልፍ ቢነሣኝ ዛሬ ብዕር ያስነሣኝ።

እስቲ ከስሙ እንጀምር። «ማስቆሚያ» እንላለን። ለመሆኑ የሚቆመው ምንድን ነው? ብዙዎቻችን በምንም ስሙ የምናውቀው ሎፔራማይድ ዋና ሥራው የአንጀትን እንቅስቃሴ ማዘግየት ነው። ጀርሙን አይገድልም። ከሰውነት የወጣውን ውሃና ጨው አይተካም። ሌባ ቤት ገብቶ ውሻ ሲጮኽ፣ ሌባውን ትቶ የውሻውን አፍ ማሰር ማለት ነው። ጩኸቱ ይቆማል፤ ሌባው ግን ሥራውን ይቀጥላል።

ይህ ማለት ግን መድኃኒቱ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ጤነኛ የነበረ አዋቂ ሰው፣ ደም የሌለው፣ ትኩሳት የሌለው፣ ውሃ መሰል ተቅማጥ ቢይዘውና የረጅም መንገድ አውቶቡስ ቢጠብቀው፣ ለአንድ ሁለት ቀን በልኩ ቢወስደው ይጠቅመዋል። ልኩም የታወቀ ነው። መጀመሪያ ባለ 2 ሚሊ ግራሙን ሁለት ካፕሱል፣ ከዚያም ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ አንድ፤ ሐኪም ካልተቆጣጠረው በቀን ከ4 ካፕሱል፣ በሐኪም ትእዛዝም ቢሆን ከ8 ካፕሱል አይበልጥም። በሁለት ቀን ካልተሻለው መድኃኒቱን አቁሞ ወደ ሐኪም ይሄዳል። «አንዱ አልሠራልኝም» እያሉ መደራረብ አደጋ አለው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ከታዘዘው በላይ የተወሰደ ሎፔራማይድ የልብን ምት እስከማዛባትና እስከመግደል እንደሚደርስ አሳውቋል።

ደም ከተቀላቀለበት ወይም ትኩሳት ካለው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ ጀርሙ የአንጀቱን ግድግዳ እየቆሰለው ሊሆን ይችላል። አንጀት ደግሞ መርዙን ጠርጎ ለማውጣት እየታገለ ነው። በዚህ ሰዓት አንጀትን ማሰር መርዙን ከነባለቤቱ ቤት ውስጥ መቆለፍ ነው። አንጀቱ ተነፍቶ እስከመቀደድ የሚደርስበት ጊዜ አለ። ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ሲወስድ ቆይቶ ተቅማጥ የያዘው ሰውም እንዲሁ ሐኪም ሳያየው ማስቆሚያ መዋጥ የለበትም።

ለሕፃን ሲሆን ይብሳል። የሕፃን አንጀት በዚህ መድኃኒት ጨርሶ ቀጥ ሊል ይችላል። ሆዱ እንደ ከበሮ ይነፋል፤ ውሃው ከደሙ ወጥቶ አንጀቱ ውስጥ ይጠራቀማል። ከውጭ ሲታይ ተቅማጡ ቆሟል። እናት «ተመስገን፣ ተሻለው» ትላለች። ልጁ ግን ከውስጥ እየደረቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 በፓኪስታን ሕፃናት በዚህ ሰበብ መሞታቸው ከተሰማ በኋላ፣ ለሕፃናት ተብሎ በጠብታ መልክ ይሸጥ የነበረው ሎፔራማይድ ከዚያ አገር ገበያ ወጥቷል። የዓለም የጤና ድርጅትም ማስቆሚያዎች ከ5 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሰጡ መምከር ከጀመረ ቆይቷል። ያ ሰውዬ ታዲያ ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጁ ነበር ግማሽ ካፕሱል የገዛው።

አሁን ወደ እኛ ወደ «ተማርን» ባዮቹ ልምጣ። አንዲት የገጠር እናት ልጇ ተቅማጥ ሲይዘው «ጥርስ ነው» ብላ ድዱን ብታስነቅስ፣ ወይም እንጥሉን ብታስቆርጥ ምን እንላለን? «ኋላ ቀርነት! ድንቁርና!» እንላለን። ስብሰባ እንጠራለን፤ «ጎጂ ልማዳዊ ድርጊት» የሚል ጽሑፍ በትልቁ እንሰቅላለን። ደግም አደረግን። ነገር ግን ካፕሱል ከፍቶ በግምት ለሕፃን መስጠት ከዚያ በምን ይለያል? እሷ ምላጭ ያዘች፣ እኛ ካፕሱል ያዝን። እሷ የምታምነው ጎረቤቷን ነው፤ እኛም የምናምነው ጎረቤታችንን ነው። ልዩነቱ የእሷ ልማድ ጎጂ ተብሎ ተመዘገበ፤ የእኛ ግን ደረሰኝ አለው።

ከባሕር ማዶ በሻንጣ የሚመጣው ደግሞ ራሱን የቻለ ጉድ ነው። አክስት ከአሜሪካ ስትመጣ ከሽቶና ከጫማው መሐል አንዲት ብርቱካናማ ብልቃጥ ትወጣለች። «ይቺ ለሆድ ፍቱን ናት፤ አስቀምጧት» ትላለች። ብልቃጧ ላይ የታማሚው ስም አለ፣ የአክስትየው ነው። መጠኑ አለ፣ የአክስትየው ነው። ለእሷ ያዘዘላት ሐኪም እኛን አያውቀንም። ከእነዚህ ብልቃጦች አንዱ ሎሞቲል ነው። በአሜሪካ ያለ ሐኪም ወረቀት አይሸጥም፤ ምክንያትም አለው። ውስጡ ያለው ዳይፌኖክሲሌት የሚባለው ንጥረ ነገር የብርቱው ማስታገሻ የፔቲዲን ዘመድ ነው። ሰው አብዝቶ እንዳይወስደው ተብሎ ጥቂት አትሮፒን ተጨምሮበታል። የመድኃኒቱ መግለጫ ከ6 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ፈጽሞ እንዳይሰጥ ይከለክላል፤ ትንፋሽን እስከማቆም ይደርሳልና። በስሕተት የዋጠ ልጅ ደህና መስሎ ቆይቶ፣ ከ30 ሰዓት በኋላ እንኳን ትንፋሹ ሊደክም ይችላል። ስለዚህ «ምንም አልሆነም» ብሎ ማስተኛት የለም፤ ብልቃጡን ይዞ ወዲያው ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው። አዋቂም ቢሆን ከመጠጥ ወይም ከእንቅልፍ ኪኒን ጋር ሊቀላቅለው አይገባም።

«አንተ ደግሞ! ለተቅማጥ ብዬ ሐኪም ቤት ግማሽ ቀን ልሰለፍ? ካርድ ላወጣ? ከሥራ ልቅር?» የሚለኝ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። እውነቱን ነው። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ገንዘቡም ከባድ ነው። ግን ማን ነው ምርጫው ሰልፍ ወይም ማስቆሚያ ነው ያለው? አብዛኛው ተቅማጥ ሐኪምም ማስቆሚያም ሳይፈልግ በራሱ ጊዜ የሚቆም ነው። ተቅማጥ የሚገድለው ውሃና ጨው አሟጦ ነው። ለእሱ ደግሞ መድኃኒቱ በጣም ርካሽ ነው፤ ኦአርኤስ።

ይቺን ተራ ዱቄት የምንንቃት ርካሽ ስለሆነች ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1971 በባንግላዴሽ ጦርነት የሸሹ ስደተኞች በሕንድ ድንበር ላይ በኮሌራ እንደ ቅጠል ሲረግፉ፣ ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ የሚባሉ ሐኪም በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አለቀባቸው። ስኳርና ጨው በውሃ በጥብጠው በአፍ ማጠጣት ጀመሩ። ከመቶው ወደ 30 ይደርስ የነበረው ሞት ከ4 በታች ወረደ። በእኛም አገር በ2008 ዓ.ም ክረምት «አተት» ብለን ስሙን አለሳልሰን የጠራነው በሽታ አዲስ አበባን ሲያምስ፣ በነሐሴ 2014 ዓ.ም ደግሞ ኮሌራ በባሌ ሲነሣ፣ ሰው ያተረፈው ፈሳሽ ነው እንጂ ማስቆሚያ አይደለም።

አዘገጃጀቱም ቀላል ነው። አንዱን ፓኬት ሙሉውን በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ መበጥበጥ፤ የአንድ ሊትር ሃይላንድ ልኩን ይነግራችኋል። «እንዲጠነክር» ብሎ ውሃ መቀነስ የለም፤ ከ24 ሰዓት ያለፈውንም መድፋት ነው። ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ በላይ ላለው ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር በማንኪያ ቀስ እያሉ ማጠጣት ነው። ቢያስመልሰው አሥር ደቂቃ ጠብቆ መቀጠል። ጡትም ምግብም አይቋረጥ። የዓለም የጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዚንክም እንዲጨመር መክረዋል፤ ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን በቀን 10 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በላይ ላለው 20፣ ከ10 እስከ 14 ቀን። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሲያለቅስ እንባ ካጣ፣ ሽንት ከቀረ፣ ከፈዘዘ ወይም መጠጣት ካቃተው ግን ያኔ ሰልፍ አይቆጠርም፤ ተሸክሞ መሮጥ ነው።

ሳምንት ቆይቼ ወደዚያ መድኃኒት ቤት ተመለስሁና ልጁን «ለምን አልጠየቅኸውም?» አልሁት። አልተቆጣም። «ጋሼ፣ ከጠየቅሁት ማዶ ሄዶ ይገዛል» አለኝ። «ኦአርኤስ ልስጥህ ስለውማ "ሌላ መድኃኒት የላችሁም?" ብሎ ይስቅብኛል።» ይሄ እንግዲህ የልጁ ብቻ ሳይሆን የሁላችንም ነውር ነው። ባለ መድኃኒት ቤቱ ጥያቄ ገበያ እንዳያሳጣው ይፈራል። እኛ ደግሞ ያልጠየቀንን «ጎበዝ ነው፣ ቶሎ ይሰጣል» ብለን እናወድሳለን፤ የጠየቀንን እንሸሻለን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። የፈሰሰ ዱቄት ይለቀማል፤ የሞተ ልጅ ግን አይለቀምም።

ግን የእሱ መልስ ነፃ አያወጣውም። ያ ነጭ ጋወን የሱቅ ሽርጥ አይደለም። የሐኪም ማዘዣ የምንለው ወረቀትም ቢሆን ማኅተም ያለበት ቢሮክራሲ ሳይሆን የተመለሱ ጥያቄዎች ማለት ነው። ስንት ዓመቱ ነው? ደም አለው? ትኩሳትስ? ከጀመረው ስንት ቀን ሆነው? ሌላ ምን መድኃኒት ይወስዳል? ወረቀቱን የዘለለ እነዚህን ዘለለ ማለት ነው። አምስቱን ለመጠየቅ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ማዶ ያለውም፣ ከማዶ ማዶ ያለውም ቢጠይቅ ሰውዬው የሚሸሽበት ያጣ ነበር።

ልጁ ምን እንደሆነ ሻጩም አላወቀም፤ ሰውዬው ተመልሶ አልመጣም። ዳነ ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ ይዳናል፤ ልማዱን ያጠነከረውም ይኸው «ብዙ ጊዜ» ነው። እኔ ግን ከእንግዲህ ወረፋ ላይ ሆኜ «ለልጅ ነው» የሚል ቃል ከሰማሁ፣ «ምን አገባህ» ብባልም ስንት ዓመቱ ነው ብዬ እጠይቃለሁ። እናንተም ጠይቁ።